ረቡዕን ዓርብ ያልኩ ዕለት

ሰቆጣ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ዱካ ይዤ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉሮሮዬ ከጠመኔ ብናኝ ጋር አልስማማ ብሎ ከመምህርነት ካስወጣኝ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ነው። ባለጉዳዮቼ በአንድ ነገር ያሾፉብኛል፤ ቀን አብዝቼ እጠይቃለሁ። አንድ ሰው «ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ነው» ቢለኝ ዝም ብዬ አልጽፍም። ማክሰኞ መሆኑን በምን አወቅህ፣ ገበያ ነበር ወይ፣ ምን በልተህ ነበር፣ ማን አብሮህ ነበር እያልኩ አደክመዋለሁ። በቀደም አንድ ከደሃና ወረዳ የመጡ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «ልጄ፣ የጠፋብኝ በሬ ነው እንጂ ቀኑ አይደለም» ብለው ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አሳቁት። እኔም ሳቅኩ። ቀኑን ግን አስቆጠርኳቸው።

ባለፈው ሰኞ ወደ ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት መጥታ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ፣ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት ናት። የጠፋ ሰው ማመልከቻ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። አገሩ ያሳለፈውን አሳልፏልና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ብዙ ጽፌያለሁ። ወረቀቴን አስተካክዬ የጠፋውን ሰው ስም ጠየቅኳት።

«አባቴ ነው» አለች። «ታረቀ ወልዱ። የሾላ ሜዳ ሰው።»

ብዕሩ ከእጄ ወደቀ ብል ያምር ነበር፤ አልወደቀም። እጄ ብቻ ባለበት ቆመ። ቀና ብዬ ሳያት ፈገግ አለች።

«አላወቁኝም አይደል መምህር? ብርቄ ነኝ እኮ። ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ።»

እናቷ ባለፈው ክረምት አርፋለች። የመሬቱ ደብተር ዛሬም በአባቷ ስም ነው። መሬቱ ወደ እሷ እንዲዞር ፍርድ ቤቱ የአባቷን መጥፋት ማወቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የጠፋበት ቀንና ምክንያት ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ይቀርባል። «እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ» አለችኝ። «እናቴ ነገሩን አንስታ አትጨርሰውም ነበር፤ ታለቅሳለች። እርስዎ ግን እዚያው ነበሩ። ቀኑንም ምክንያቱንም ያውቃሉ። ምስክርም ቢሆኑኝ ብዬ ነው።»

አውቃለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በሕይወት ያለም አይመስለኝም። ግን የዚያን ዕለት ለመጻፍ አልቻልኩም። ሐሙስ እንድትመለስ ነግሬያት፣ ጠረጴዛዬን አጣጥፌ በቀትር ቤቴ ገባሁ።

ሾላ ሜዳ ጋዝጊብላ ውስጥ ካለው የመኪና መንገድ ወርዶ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። የተመደብኩባት ደርግ በወደቀ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሰቆጣ ልጅ ነኝ፣ ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ሁለት ወር አልሞላኝም፤ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ሁለት ሱሪና ብዙ ኩራት ይዤ ነው የሄድኩት። ትምህርት ቤቱ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ አንድ ክፍል ነበር፤ መምህሩም ዳይሬክተሩም ዘበኛውም እኔው። የመንደሩ ሰው እርስ በርሱ የሚያወራው በኽምጣኛ ነው። እናቴ የኽምራ ልጅ ስለሆነች እሰማለሁ፤ መናገር ስጀምር ግን ምላሴ ይተሳሰራል፣ ልጆቹም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቁብኛል። ገጠር የገባ ጎረምሳ ከተሜ ምን እንደሚፈልግ አሁን አውቃለሁ። ሰው ውስጥ መቆጠር ይፈልጋል። ለዚያ ሲል የማያደርገው ነገር ጥቂት ነው።

የተከራየሁት እማማ አዛነች ከሚባሉ መበለት ቤት ነው። እማማ አዛነች ደግ ነበሩ፣ በጾም ግን ቀልድ አያውቁም። «ከተሜ ረቡዕና ዓርብን የት ያውቃል!» እያሉ ይጎሽሙኝ ነበር። በጾም ቀን ምሳችን አንድ ነው፦ የገብስ ቂጣና በውሃ የተበጠበጠ ተልባ። ረቡዕም ተልባ፣ ዓርብም ተልባ። ያኔ ስለ ምሳው ስነጫነጭ ይህ ተልባ ዕድሜ ልኬን እንደሚከተለኝ አላሰብኩም።

የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዱላ ነበረ። የኪሮስ ዱላ ነው። ኪሮስ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ፍየል ነጋዴ፣ ወሬው የሚጥም ሰው ነበር። ዱላው ከወይራ የተሠራ፣ ጫፉ ብረት የለበሰ፣ አናቱ ላይ ሦስት የነሐስ ቀለበት ያለው ነው። ከመንደሩ በታች ባለው ገደል ውስጥ የሚወርደውን ወንዝ ለመሻገር፣ አለቱ አንሸራታች ስለሆነ፣ እንደዚያ ያለ ዱላ ይመረጣል።

ጎረቤታችን ታረቀ ደግሞ ማር ቆራጭ ነበር። ከገደሉ አፋፍ ቀፎ ይሰቅላል፤ ክረምቱ አልፎ አበባው ሲረግፍ ወርዶ ይቆርጣል። አማርኛ ስለማይቀናው ብዙ አይናገርም፤ ሲስቅም በትከሻው ነው የሚስቀው። ብርቄ አንድያ ልጁ ነበረች።

ጥቅምት ነበር። ገብሱ ነጥቶ አጨዳ የደረሰበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ እጅ የሚቆረጥምበት፣ ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ጊዜ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሴን ላጥብ ወደ ወንዙ ስወርድ ታረቀ ከገደሉ ሲወጣ አገኘሁት። ቀፎ በጀርባው አዝሎ፣ ልብሱ ጭስ ጭስ እየሸተተ፣ የኪሮስን ዱላ ተመርኩዞ ነበር። ቆመና ከማሩ ቆርሶ በቅጠል ሰጠኝ። እኔ እንደማመንታት ስል በትከሻው ሳቀ።

«ብላ መምህር» አለኝ። «ማር አያስፈስክም።»

የዋግ ማር ነጭ ነው፣ እንደ ቅቤ የረጋ። ሰፈፉን ሳይቀር አላምጬ ዋጥኩት። ምሳዬን የበላሁት ተልባ ነበርና ጣፋጩ አፌ ውስጥ እንዴት እንደገባ ዛሬም ይሰማኛል። አመስግኜው ወረድኩ፤ ልብሴንም አጥቤ ተመለስኩ። ነገሩ ይኸው ነበር። ሰው አንድን ነገር ሲያይ ነገ የሚጠየቅበት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ቀኑን ይይዝ ነበር። እኔ የያዝኩት ማሩንና ተልባውን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ኪሮስ ሁለት ፍየል እየነዳ ገበያ ሄደ። ሸጠ፤ ጨው ገዛ። ከሁለት የመንደሩ ሰዎች ጋር እስከ ጋራው ጫፍ አብሮ መጣ፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ «እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ኪሮስን ያየ ሰው የለም።

ሚስቱ እታገኝ እናቷን ልታስታምም ሌላ መንደር ሄዳ ስለነበር መጥፋቱ እንኳ የታወቀው እሑድ፣ እሷ ስትመለስ ነው። ቤቱ እንደተዘጋ ነበር፤ ግልገሎቹ በረት ውስጥ ይጮሃሉ። ሦስት ቀን ጥሩምባ ተነፋ። ትምህርት ዘግቼ እኔም ወጣሁ። ገደሉን፣ ዋሻውን፣ ወንዙን አንድ በአንድ አሰስን፤ ስሙን ስንጠራ ገደሉ መልሶ ይጠራዋል። ነጠላው አልተገኘም፣ የጨው ከረጢቱ አልተገኘም፣ ዱላው አልተገኘም፣ ደም የለም። አንድ ሽማግሌ ደጋግመው ወደ ሰማይ እያዩ «አሞራ እንኳ የለም» ይሉ ነበር። ከወረዳው ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሁሉንም ጠየቁ፣ ጻፉ፣ ገደሉንም ወርደው አዩት። የሚይዙት ነገር ስላጡ፣ አዲስ ነገር ሲገኝ እንድንጠራቸው ነግረውን ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ተበላሸ። ሰው ከሰው ጋር ውሃ ለመቅዳት መውረድ ፈራ። የኪሮስ ወንድሞች ጠመንጃቸውን ይወለውሉ ጀመር፤ ማንን እንደሚተኩሱ ግን አያውቁም። ደም ከመፍሰሱ በፊት ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ።

ይህን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። አውጫጭኝ የተሰወረ ጥፋት የሚወጣበት የቆየ ሸንጎ ነው። አዋቂ የሆነ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል። ቄሱ መስቀል ይዘው «ያየውን የደበቀ፣ የሰማውን የሸሸገ፣ እንደ ጉም ይብነን» ይላሉ፤ ሕዝቡ አሜን ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ተራ በተራ ከድንጋይ ካብ ጀርባ ተለይተው ወደተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ይሄዳል። የሚያውቅ ይናገራል፤ የማያውቅ «አላውቅም» ብሎ ይወጣል። ሁሉም ስለሚገባ ማን እንደተናገረ አይታወቅም። የተናገረው ሰው ወፍ ይባላል። ወፏ ማን እንደሆነች የገለጠ፣ ወይም «አንተ ነህ» ብሎ የጠቆመ፣ ያው እርግማን በራሱ ላይ ይመጣበታል። ደካማው ከጉልበተኛው ሳይፈራ እንዲናገር የተበጀ ብልሃት ነው፣ መልካም ብልሃት። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ወፍን መልሶ የሚጠይቃት የለም።

ከትልቁ ሾላ ሥር ተሰበሰብን። ሰብሳቢው አያ ዘለቀ የሚባሉ፣ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። መጻፍ የምችል እኔ ስለሆንኩ ቃል ጸሐፊ አደረጉኝ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሽማግሌዎች መካከል ስቀመጥ የተሰማኝን ኩራት ብደብቀው ሐሰት ይሆናል። በሾላ ሜዳ እንደ ሰው የተቆጠርኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ከቀትር በኋላ ተራዬ ደረሰና ከካቡ ጀርባ ገባሁ።

«መምህር፣ ያየኸው የሰማኸው አለ?» አሉኝ አያ ዘለቀ።

«አለ» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደ ወፈረ ለራሴም ገርሞኛል። «ታረቀን የኪሮስን ዱላ ይዞ ከገደሉ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«ዱላውን ለይተኸዋል?»

«ሦስቱን ቀለበት አይቻለሁ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «መቼ ነው?»

«የጾም ቀን ነበር። ተልባ በልቼ ነበር።» እዚህ ላይ በልቤ አሰላሁ። ኪሮስ የጠፋው ሐሙስ ነው፤ ያየሁት ነገር ደግሞ ከመጥፋቱ ጋር መያያዝ አለበት፣ ካልተያያዘ ከካቡ ጀርባ ምን አመጣኝ? «ዓርብ ነው» አልኩ።

«ልብ በል። ዓርብ ነው?»

«ዓርብ ነው።»

የጫማ ክር ታስሮ እስኪያልቅ ያህል ጊዜ አልፈጀም። ዱላው እውነት ነበር፣ ገደሉ እውነት ነበር፣ ሰውየውም እውነት ነበር። ከአንዲት ቀን በስተቀር ሁሉም እውነት ነበር።

ወደ ማታው ገደማ አያ ዘለቀ ቆመው ወፍ ያለችውን ተናገሩ። ታረቀ ከመካከል ተነሣ። መጀመሪያ በኽምጣኛ ተናገረ፣ ቀጥሎ እኔ እንድጽፈው በዚያ ስብርብር አማርኛው ደገመው።

«ረቡዕ ነው። ረቡዕ ተዋስኩ፣ ረቡዕ መለስኩ። ኪሮስ ይምጣ ይናገር።»

ከኪሮስ ወንድሞች አንዱ «ኪሮስ የት አለና!» ብሎ ጮኸ። እታገኝ ያን ሳምንት እቤቷ አልነበረችም፤ ዱላው ይመለስ አይመለስ አታውቅም። ታረቀ ዙሪያውን አየ። ያን ቀን በዚያ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዓይኑ እኔ ላይ መጥቶ ቆመ፤ የቁጣ ዓይን አልነበረም። «ያየኝ ሰው ቀኑን ያውቃል» አለ። እኔን አልጠቆመም፤ እርግማኑን ፈርቶ ይሁን፣ እኔን አምኖ፣ አላውቅም። ጠበቀኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ «ተጠርጣሪው ረቡዕ ነው ይላል፤ ወፍ ግን ዓርብ ብላለች» ብዬ በደህና የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩ።

ታረቀ ልማል አለ፤ የኪሮስ ወንድሞች መሐላውን አንቀበልም አሉ። ሽማግሌዎቹ «ገዳይ ነው» ለማለት አልደፈሩም፣ አስከሬን የለማ። እውነቱ እስኪወጣ ከማኅበር ይለይ ብለው ፈረዱ። እሳት አይጫርለት፣ ደቦ አይወጣለት፣ ሰላም አይባል። የኪሮስ ወንድሞችም ጠመንጃቸውን ሰቀሉ። ያን ቀን ደም ሳይፈስ መቅረቱን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረን ወደየቤታችን ሄድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በወሩ መጨረሻ፣ የተማሪዎች ስም መጥሪያውን ስሞላ እጄ ኪሮስ በጠፋበት ሳምንት የዓርብ ዓምድ ላይ ደረሰ። ባዶ ነው። አንድም ምልክት የለበትም። ያን ዓርብ ገና በማለዳ የእማማ አዛነችን አህያ እየነዳሁ የመማሪያ መጻሕፍት ላመጣ ወረዳ ሄጄ ነበር። አህያዋ መንገድ ላይ ተኝታ ሒሳቡንም አማርኛውንም አቧራ ለአቧራ ስታንከባልለው ከመንገደኞች ጋር ስቄያለሁ፤ የተመለስኩትም ቅዳሜ ነው። ዓርብ ሾላ ሜዳ አልነበርኩም። ማሩን የበላሁት ረቡዕ ነው።

የዚያኑ ቀን አያ ዘለቀን ፍለጋ ሄድኩ። ከአውድማቸው ገብስ እያዘሩ ነበር። የነገርኳቸውን ሰምተው መንሹን ቀስ ብለው መሬት አስደገፉት።

«ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። የኪሮስ ወንድሞች ጠመንጃ የሰቀሉት ወፍን አምነው ነው። ወፏ ተሳስታለች ብል ነገ የማንን ደጅ ይመታሉ? አንተንስ ማን ነህ አይሉህም?»

«አያ፣ ታረቀስ?»

«ታረቀ ቻይ ነው። ጊዜ ሲያልፍ እናስታርቃለን።» መንሹን መልሰው አነሡት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፣ ልጄ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ደም መፍሰሱን ነው የፈሩት። ዝም በል አሉኝ፤ ዝም አልኩ። ይህን ሳስታውስ የሚያሳፍረኝ መታዘዜ አይደለም። ደስ ብሎኝ መታዘዜ ነው። ከአውድማው ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር፣ እግረ መንገዴን እሸት ባቄላ እየፈለፈልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

አጨዳው ተጋጋለ። በየማሳው ደቦው ወጣ፤ ሃያ ሰላሳ ሰው ተሰልፎ እየዘፈነ ያጭዳል፣ ጠላው ይዞራል። የትምህርት ቤቱ መስኮት የታረቀ ማሳ ፊት ለፊት ነበር። እሱና ሚስቱ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ ብርቄ ኋላ ኋላቸው ነዶ ትሰበስባለች። ሦስት ሰው ብቻ። ሌላው ማሳ በአንድ ቀን ሲያልቅ የእነሱ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ብርቄ ከክፍል ከቀረች ሰንብታለች፤ ልጆቹ አጠገቧ አንቀመጥም ብለዋት ነበር። ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ስሟን እጠራለሁ፤ «ቀሪ» ይሉኛል በአንድ ድምፅ። ከዚያ መጥራቱንም ተውኩት።

ከገና በፊት አንድ ቀን፣ ልጆቹን አሰናብቼ ስወጣ ታረቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ሰላም አላለኝም፤ ሰላም መባባል አልተፈቀደለትም። በጣም ከስቶ ነበር።

«መምህር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያ ማር፣ የበላንበት ቀን፣ ምን ነበር?»

ደብተሬን ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ዓርብ ትምህርት አልነበረም። ልጄ ቤት ዋለች። መምህር የለም አለችኝ።»

አሁን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሸንጎ አልጠራ፣ ወፍ ነህ አላለኝ። ቃሏን ለራሱ፣ እዚያው አጥሩ ጥግ፣ ለአንድ ጆሮ ብነግረው እንኳ ይበቃው ነበር መሰለኝ።

«አላስታውስም» አልኩት።

«እኔ አስታውሳለሁ» አለና ሄደ።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ታረቀ ጋቢውንና ማር መቁረጫውን ይዞ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሁመራ ነው ያሉ ነበሩ፤ በሰሃላ በኩል ተከዜን ተሻግሯል ያሉም ነበሩ። አንዳንዱም «ይኸው፣ ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይሸሻል?» አለ። ለኪሮስ ሦስት ቀን ጥሩምባ ተነፍቷል። ለታረቀ ጥሩምባ የነፋ፣ ወደ ገደሉ ወርዶ ስሙን የጠራ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠራሁም። ሚስቱ ልጇን ይዛ ሰቆጣ ገባች፣ ሰው ቤት ተቀጠረች ሲባል ሰማሁ። በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር አግኝቼ እኔም ከሾላ ሜዳ ወጣሁ።

የኪሮስ ነገር እስከ ዛሬ አልተፈታም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ለልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ የዚያ ሐሙስ እውነት ግን ሳይጠራ ይኸው አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ ይሆናል፣ እታገኝን ሰቆጣ ገበያ አገኘኋት። ባሏን ሞቷል ብላ ጥቁር አልለበሰች፣ ይመጣል ብላም ደጅ ደጁን አታይ። ስለ ታረቀ አነሣሁባት።

«እኔስ እሱ ነው ብዬ አላውቅም» አለችኝ። «ያ ሰው ዶሮ ማረድ የሚፈራ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ መምህር? ወፏ ከተናገረች በኋላ ሰው ምን ይላል?»

እዚያው ገበያ መካከል ልነግራት ነበር። በርበሬ እየመረጠች ነበር፤ ባለበርበሬዋ ጠራቻትና ዞር አለች። እኔም ምክንያት አገኘሁና መንገዴን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ብርቄ እንደተባባልነው መጣች። ማመልከቻውን ቀድሜ ጽፌው ነበር፤ ሦስት ሌሊት ስቀደውና ስጽፈው ነው የሰነበትኩት። የጠፋበትን ቀን ጥር አሥራ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ሥር፣ ይህን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ በአውጫጭኙ ቀኑን ተሳስቼ በመናገሬ፣ ስህተቴንም ካወቅኩ በኋላ ባለማረሜ፣ አባቷ ከማኅበር ተለይቶ አገር ጥሎ እንደሄደ አሰፈርኩ። ስሜንም ጻፍኩ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አነበብኩላት።

ስጨርስ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ ደጋግማ አጠፈች። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ከጀርባዋ ያወራሉ፤ ሊስትሮው ሳጥኑን ያንኳኳል።

«ወፏ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ለእናቴ ግን አልነገራትም» አለች። «እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ በጸሎቷ መጨረሻ፣ ወፏን ትረግም ነበር። እኔ አጠገቧ ሆኜ አሜን ስል ነው ያደግሁት።»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ወጣ፣ ግን ለእኔ እንኳ የቀለለ ሆነብኝ። እሷ ወረቀቱን ከፊቴ ወሰደችና ለራሷ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ አነበበችው። ከእኔ ክፍል ከቀረች በኋላ የት እንደተማረች አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ‹ቀኑን ተሳስቼ› ይላል።»

«አዎ።»

«ትክክለኛው መቼ እንደነበር አልጻፉም።»

ወረቀቱን አየሁት። እውነቷን ነው። ሦስት ሌሊት ሙሉ ስጽፍና ስቀድ፣ ቀን ሦስት ጊዜ የማስቆጥረው እኔ፣ እሷን ቀን ዘልያታለሁ።

«ይጻፏት» አለችኝ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየመለሰች። «ከዚያ ምስክር ይሆኑኛል።»

ብዕሬን አነሣሁ። አባቷ አጥሩ ጥግ ቆሞ የለመነኝን ቃል፣ እሱ በሌለበት፣ ከመስመሩ በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ጻፍኩ፦ ረቡዕ። ሦስት ፊደል ናት። ብርቄ ቀለሟ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ወረቀቱን በፌስታሏ ጠቅልላ ተነሣች።